የእስማኢልያው መምህር፤ የሐሰን አል-ባና የሕይወት ታሪክ

የመካከለኛውን ምሥራቅ ዜና የሚከታተል ሁሉ የሙስሊም ወንድማማቾች ማኅበርን ስም ደጋግሞ ይሰማል። አንዱ መንግሥት ማኅበሩን ሽብርተኛ ነው ይላል፤ ሌላው መሪዎቹን በእንግድነት ተቀብሎ ያኖራል። በዚሁ ምክንያት፣ ባንድ ቋንቋ የሚናገሩና ባንድ ሃይማኖት የሚያምኑ የዓረብ መንግሥታት አምባሳደሮቻቸውን እስከ መጥራትና ድንበር እስከ መዝጋት ደርሰዋል። ይህን ማኅበር የመሠረተው ሰው ግን ንጉሥ ወይም ጄኔራል ወይም ስመ ጥር የሃይማኖት ሊቅ አልነበረም። በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓረብኛ የሚያስተምር የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ እምብዛም ያልራቀ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደ ጀመረ፣ የጀመረውም ነገር እንዴት ከእጁ እንደ ወጣ ለመጽሔታችን አንባብያን ብናቀርብ ይጠቅማል ብለን አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሰን አል-ባና በጥቅምት ወር 1906 ዓ.ም.፣ ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የዓባይ ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት በሚከፋፈልበት ለም ምድር ላይ ባለችው በማሕሙዲያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሼክ አሕመድ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሰዓት ፈተው እየገጠሙ ኑሯቸውን ይገፋሉ፤ በተረፈው ጊዜ በመስጊድ ያሰግዳሉ፣ ያስተምራሉ፣ መጽሐፍ ይመረምራሉ። የኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበልን ታላቅ የሐዲስ ስብስብ በየርእሱ ለይተው ለማሳተም ብዙ ዓመት የደከሙ ሰው ናቸው። ለበኩር ልጃቸውም ሁለቱንም፣ የሰዓቱን ሥራና ቁርኣኑን፣ አስተማሩት። በኋላ ማኅበሩን ጥርስ በጥርስ እንደሚያያዝ የሰዓት ሆድ አድርጎ ሲያደራጅ ስንመለከት፣ የአባቱ ሙያ ከልቡ አልወጣም ነበር ለማለት ይቃጣናል።

በዚያን ዘመን ግብጽ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር ተይዛ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ሕዝቡ እንግሊዝ ይውጣ ብሎ በተነሣ ጊዜ ሐሰን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከተማሪዎች ጋር ወጥቶ ተሰለፈ። በዚያው ዕድሜው ሐሳፊያ በሚባለው የሱፊዎች መንገድ ገብቶ ዚክር ያወርድ ጀመር። ማኅበር ማቋቋም ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተጠናወተው ነገር ይመስላል። ገና በትምህርት ቤት ሳለ፣ የሚሳደብን ጓደኛ በገንዘብ የሚቀጣ የግብረ ገብ ማኅበር ነበረበት። ከዚያም ከጓደኞቹ ጋር ሌላ ማኅበር አቋቋመ። የዚህኛው ሥራ በከተማው ውስጥ ኃጢአት ሠራ፣ ሶላት አጓደለ ለተባለ ሰው ስም ያልተጻፈበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መላክ ነበር። ይህን ነገር እሱ ራሱ በማስታወሻው ላይ ያለ አንዳች ኀፍረት ይተርከዋል። እኛ ግን ስም የሌለውን ደብዳቤ ልብ ብለን እናልፋለን፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር አለና።

በደማንሁር የመምህራን ማሠልጠኛ ከተማረ በኋላ በ1923 ዓ.ም. ካይሮ ገብቶ ዳር አል-ዑሉም በሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተቀመጠ። ከገጠር ለመጣ ልጅ ካይሮ ጉድ የሚያሰኝ ከተማ ነበረች። መጋቢት 3 ቀን 1924 ዓ.ም. የቱርክ መንግሥት የኸሊፋነትን ማዕረግ ጨርሶ ሻረ። በተከታዩ ዓመት አሊ አብደል ራዚቅ የተባለ የአል-አዝሃር ሰው፣ እስልምና ኸሊፋ ይኑር ብሎ አያዝም የሚል መጽሐፍ ቢጽፍ የአል-አዝሃር ሊቃውንት ፈርደው ከሊቅነት ማዕረጉ አወረዱት። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ጣሃ ሑሴን ስለ ጥንታዊው የዓረብ ግጥም ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ሁከት ተነሣ። ብዙው የካይሮ ተማሪ በእነዚህ ነገሮች ይከራከርና ወደ መኝታው ይሄድ ነበር። ሐሰን ግን የሊቃውንቱን ቤት እያንኳኳ ለምን ዝም ትላላችሁ እያለ ይጠይቅ ጀመር። ከእነ ረሺድ ሪዳ ዘንድ እየሄደ ተቀመጠ። ሰው ወደ መስጊድ ካልመጣ መምህሩ ሰው ወዳለበት መሄድ አለበት ብሎም ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በየቡና ቤቱ እየገባ መስበክ ያዘ።

በ1927 ዓ.ም. ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት ትእዛዝ ለመምህርነት ወደ እስማኢልያ ተላከ። የዚህን ሰው ሕይወት ለመረዳት ይህችን ከተማ ማወቅ ያስፈልጋል። እስማኢልያ የስዊዝ ቦይ ኩባንያ መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ነበረች። በአንድ ወገን የእንግሊዝ ጦር ሰፈር አለ። በሌላው ወገን የኩባንያው ሹማምንት የሚኖሩባቸው፣ አትክልት የከበባቸው ቪላዎች ይታያሉ። ከእነዚያ ወዲያ ደግሞ ግብጻውያኑ ሠራተኞች ተፋፍገው የሚያድሩበት ሰፈር ነበር። የመንገዶቹ ስም በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ይታይ ነበር፤ መስጊድ ያለበት ጎዳና ስም እንኳ ሳይቀር በባዕድ ቋንቋ ነበር። የገዛ አገሩ መስጊድ የሚገኝበትን መንገድ ለማንበብ ግብጻዊው የፈረንጅ ፊደል መማር ነበረበት ማለት ነው። (ይህ ኩባንያ ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ወታደሮች አገራችንን ሊወጉ ሲመጡ መርከቦቻቸው ቀረጥ እየከፈሉ ያለፉት በዚሁ ቦይ ነው።)

ወጣቱ መምህር ቀን ልጆቹን እያስተማረ፣ ማታ ማታ ሦስት ቡና ቤቶች መርጦ በተራ ይሰብክ ነበር። ንግግሩ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በከተማው ሃይማኖተኞች ተከፋፍለው ይጣሉ ስለ ነበር እሱ የሚያጣላውን ነገር ሁሉ እየዘለለ ስለ እግዚአብሔርና ስለ መጨረሻው ቀን ብቻ ይናገራል። የተማረ ሰው ከባለ ሙያና ከቀን ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ በሚገባው ቃል ሲያነጋግረው በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ነበር። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ስድስት ሰዎች ወደ ቤቱ መጡ። አናጢ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ልብስ ተኳሽ፣ ሾፌር፣ አትክልተኛና ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። በባዕድ ሥር ተዋርዶ መኖር እንደ ሰለቻቸው፣ ያላቸውን ጥቂት ገንዘብና ሕይወታቸውን ሊሰጡ እንደ ቆረጡ፣ መንገዱን ግን እሱ እንዲያሳያቸው ነገሩት። በዚያችው ቀን ቃል ተጋብተው ማኅበሩን መሠረቱ። የሙስሊም ወንድማማቾች የሚለውንም ስም ያወጣላቸው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሠሩት መስጊድ ነው፤ ቀጥሎም የወንዶች ትምህርት ቤት፣ ከዚያም የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። መስጊዱን ለማሠራት ገንዘብ ሲያጥር የስዊዝ ቦይ ኩባንያ 500 የግብጽ ፓውንድ ሰጠ፤ ሐሰንም ተቀበለ። ወዳጆቹ ይህን ሲሰሙ ከባዕድ ኩባንያ ገንዘብ እንዴት ይወሰዳል ብለው አጉረመረሙ። እሱ ግን ቦዩም ምድሩም የእኛ ስለ ሆነ ገንዘቡም የእኛው ነው በሚል መልስ አሳለፈው። መልሱ ብልኅ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ከጠላቱም ቢሆን የሚጠቅመውን ለመውሰድ እጁን እንደማይሰበስብ ያን ጊዜውኑ ታየ፤ በኋላም ከቤተ መንግሥትና ከሚኒስትሮች ጋር የተጓዘው በዚሁ ልማድ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ተዛወረ፤ ማኅበሩም አብሮት ሄደ። በዚያ ዓመት 15 ያህል የነበሩት ቅርንጫፎች በ1938 ዓ.ም. 300፣ በ1940 ዓ.ም. 500 ደረሱ። ሐሰን አል-ባና በበጋ ዕረፍቱ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር እየተሳፈረ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ በመስጊድ ምንጣፍ ላይ ያድራል፤ አንድ ጊዜ ያነጋገረውን ገበሬ ከዓመት በኋላ በስሙ ይጠራዋል ይባል ነበር። በካይሮ ያሉት ፖለቲከኞች ግን ከዋና ከተማው ወጥተው ገጠሩን የሚያዩት ለምርጫ ብቻ ነበር። ነጻነት ያመጣል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ዋፍድ የተባለው ትልቅ ፓርቲ ከንጉሡና ከእንግሊዞች ጋር ሲታገል ደክሞ ነበር። ሕዝቡ ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤትና የተከበረ ሰው ሆኖ የሚቆጠርበት ስፍራ ፈለገ፤ ማኅበሩም ይህን ሰጠው። የኢኮኖሚክስ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን ነገሩን ሁሉ በድህነት ይተረጉሙታል፤ እኛ ግን ከድህነቱ ይልቅ ውርደቱ ይበልጥ ነበር ብለን እንገምታለን። ያ የጎዳና ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ማንንም አላስራበም፤ የሚያስቆጣ ግን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከነገሥታት ጋር መወዳጀት ነው። በ1936 ዓ.ም. ለንጉሥ ፋሩቅና ለሌሎችም የሙስሊም አገር ገዥዎች ረጅም ደብዳቤ ላከ። በዚህም ሕጉ ሁሉ ከሸሪዓ ጋር እንዲስማማና የፖለቲካ ፓርቲዎች እንዲቀሩ አሳሰበ። ፓርቲ የሕዝብን አንድነት ይከፍላል ብሎ ያምን ነበርና። በዚያው ዓመት ወደ መካ ሄዶ ሐጅ አደረገ፤ ከሳዑዲ ዓረብያው ንጉሥ ከአብዱል አዚዝም ዘንድ ቀርቦ በአገራቸው ቅርንጫፍ ለመክፈት ፈቃድ ለመነ። ንጉሡ ግን በግዛታቸው ያለው ሁሉ ሙስሊምም ወንድምም ስለ ሆነ ሌላ ማኅበር እንደማያስፈልግ ገልጸው በጨዋ ደንብ እንደ ከለከሉት ይነገራል። ንጉሡ የማኅበሩን ጠባይ ገና ከጅምሩ የተረዱት ይመስለናል። ገዥ ሁሉ በሌላው አገር ለሚነሣ ማኅበር ሊያጨበጭብ ይችላል፤ በገዛ ቤቱ ግን ከእሱ በላይ የሚታዘዙለት ሌላ አለቃ ያላቸውን ዜጎች አይወድም።

ማኅበሩን ከግብጽ ውጭ ያስተዋወቀው የፍልስጥኤም ጉዳይ ነው። በ1936 ዓ.ም. የፍልስጥኤም ዓረቦች በእንግሊዝ ላይ ባመፁ ጊዜ ወንድማማቾቹ በየመስጊዱ ደጃፍ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ በራሪ ወረቀት በተኑ፤ ሰልፍ ወጡ። ከዚህም የተነሣ በካይሮ ሲማሩ የቆዩ የሶርያ፣ የፍልስጥኤምና የዮርዳኖስ ልጆች የማኅበሩን ሐሳብ ይዘው ወደየአገራቸው ተመለሱ። በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም፣ በአማንና በደማስቆ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። የአማኑ ቅርንጫፍ በ1945 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሚር አብደላህ የበላይ ጠባቂነት ነበር።

በአገር ውስጥም ቢሆን ከባለ ሥልጣኖች ጋር መደራደሩን አላቆመም። በ1942 ዓ.ም. በእስማኢልያ ለፓርላማ ሊወዳደር ስሙን አስመዝግቦ ሳለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሙስጠፋ አል-ናሐስ ጠርተው ከውድድሩ እንዲወጣ ጠየቁት። እሱም በለውጡ የማኅበሩ ሥራ እንዳይታገድ፣ በመጠጥና በሴተኛ አዳሪነትም ላይ ገደብ እንዲደረግ ተዋውሎ ወጣ። በ1945 ዓ.ም. ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ምርጫው የተጭበረበረ ነው ያልተባለበት ጊዜ ግን አልነበረም። በ1946 ዓ.ም. ተማሪዎችና ሠራተኞች ባንድነት እንግሊዝን ሲቃወሙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢስማኢል ሲድቂ የዋፍድንና የኮሙኒስቶችን ኃይል ለማዳከም ወንድማማቾቹን አቀረቧቸው፤ የዕለት ጋዜጣም ፈቀዱላቸው። በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎችም በዚያን ጊዜ እርስ በርሳቸው ተከፋፍለው ይደባደቡ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በማኅበሩ ውስጥ ሌላ ማኅበር ተቋቋመ፤ ልዩው ድርጅት ይባል ነበር። ወደዚህ ክፍል የሚገባው ወጣት ወደ ጨለማ ክፍል ይወሰድና ፊቱን በማያየው ሰው ፊት፣ በቁርኣንና በሽጉጥ ላይ እጁን ጭኖ፣ ሊታዘዝና ምሥጢር ሊጠብቅ ይምላል። መጀመሪያ የታሰበው እንግሊዞችን ለመውጋትና በፍልስጥኤም ለመዋጋት ነው ይሉታል፤ በ1948 ዓ.ም. ጦርነትም የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች በእውነት ሄደው ተዋግተዋል። ይሁን እንጂ በጨለማ የተሳለ ቢላዋ ምን ጊዜም ለታሰበለት ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዚህ ክፍል አለቃ የነበረው አብዱል ራሕማን አል-ሲንዲ ቀስ በቀስ ከመሥራቹ ጋር እኩል መሆን ጀመረ።

1948 ዓ.ም. ክፉ ዓመት ሆነ። በየካቲት ወር የየመኑ ኢማም ያሕያ ተገደሉ። ከሤራው መካከል ለአል-ባና ቅርብ የነበረው አልጄሪያዊው ፉደይል አል-ዋርቲላኒ ይገኝበት ስለ ነበር የዓረብ ነገሥታት ማኅበሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ፤ መፈንቅለ መንግሥቱም አንድ ወር ሳይሞላው ከሸፈ። በመጋቢት ወር የማኅበሩን ሰው በእስራት ቀጥተው የነበሩት ዳኛ አሕመድ አል-ኻዚንዳር ወደ ሥራ ለመሄድ ከቤታቸው ሲወጡ በሁለት የማኅበሩ ወጣቶች በጥይት ተገደሉ። ከማኅበሩ ሰዎች የወጡ ማስታወሻዎች እንደሚናገሩት፣ አል-ባና ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ አል-ሲንዲን ጠርቶም በሌሎች ፊት ወቀሰው። አል-ሲንዲም አለቃው በዳኛው ፍርድ ማዘኑን ሲናገር ስለ ሰማ ፈቃዱ መስሎት እንዳስፈጸመ መለሰ። ከዚያም በበጋው ወራት በካይሮ የአይሁድ ሰፈርና በአይሁድ ንግድ ቤቶች ቦምብ እየፈነዳ ምንም ያላደረጉ ሰዎች አለቁ፤ በዚህም ልዩው ድርጅት ተከሰሰ። በኅዳር ወር ፖሊስ ሰሌዳ የሌላት አንዲት ጂፕ መኪና ይዞ ቢፈትሽ መሣሪያና የድርጅቱን ምሥጢር የሚያወጣ ወረቀት አገኘ።

በታኅሣሥ 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ማሕሙድ ፋህሚ አል-ኑቅራሺ ማኅበሩን አፈረሱ። ንብረቱ ተወረሰ፤ አባሎቹ ታሰሩ። ሃያ ቀን ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 28 ቀን፣ የፖሊስ መኮንን ልብስ የለበሰ አንድ ወጣት በአገር ግዛት ሚኒስቴር ውስጥ ጠብቆ ኑቅራሺን ገደላቸው። ገዳዩ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበር። እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ ደብተሩን ትቶ ሽጉጥ ያነሣው ያ በጨለማ የማለው መሐላ ስላሰረው ነው።

አል-ባና ግድያውን አወገዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ የማኅበሩ ሰው የክስ መዝገቦቹን ለማቃጠል በካይሮ ፍርድ ቤት ቦምብ ለማፈንዳት ሲሞክር ተያዘ። ያን ጊዜ፣ ይህን የሚሠሩት ወንድሞችም ሙስሊሞችም አይደሉም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ጽሑፍ እያሳዩ ንጹሕ ነበር ይላሉ። ጠላቶቹ ደግሞ እያንዳንዷን ጥይት እሱ እንዳዘዘ አድርገው ይናገራሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ዳኛው እንዲገደሉ ያዘዘ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር አላየንም። ነገር ግን ወጣቶችን ሳይጠይቁ እንዲታዘዙ አስተምሮ፣ መሣሪያ አስታጥቆ፣ ከሕዝብና ከገዛ ማኅበሩ ጉባኤ ሠውሮ ያኖረ ሰው፣ እነዚያ ወጣቶች የቁጣ ቃሉን እንደ ትእዛዝ ቢቆጥሩበት ዕዳው የእሱ ነው። በሕፃንነቱ ስም የሌለው ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ በአርባ ሁለት ዓመቱ ደግሞ ስም የሌለው ትእዛዝ ከቤቱ ወጣ።

መንግሥት ሌሎቹን ሁሉ ሲያስር እሱን አላሰረውም፤ በፈቃድ የያዘውን ሽጉጥ ግን ወሰደበት። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይገባው አልቀረም። ወዳጆቹ ከካይሮ እንዲሸሽ ቢመክሩትም ለመታረቅ ይመላለስ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ማታ ከመንግሥት ከሚላክ ሰው ጋር ሊነጋገር በንግሥት ናዝሊ ጎዳና ወደሚገኘው የሙስሊም ወጣቶች ማኅበር ሕንፃ ሄደ። የሚጠበቀው ሰው ሳይመጣ ቀረ። ከእህቱ ባል ጋር ወጥተው ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ተተኮሰባቸው። ሐኪም ቤት ደርሶ በዚያው ሌሊት ሞተ። በቀብሩ ላይ ወንድ ሰው እንዳይገኝ ስለ ተከለከለ ሬሳውን ከቤት ያወጡት ሴቶችና ሰዓት ሠሪው አባቱ ናቸው። ከታወቁት የግብጽ ሰዎች መካከል ክልከላውን አልፈው የመጡት ኮፕቱ ክርስቲያን መክረም ዑበይድ ብቻ ነበሩ ይባላል። ግድያው የኑቅራሺ ብቀላ መሆኑን በጊዜው የተጠራጠረ ሰው ጥቂት ነበር። በ1954 ዓ.ም. የአዲሱ መንግሥት ፍርድ ቤት የፖሊስ ሰዎች ያሉበትን ቡድን በዚህ ወንጀል ቀጣ።

ከእሱ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናልፋለን። በ1952 ዓ.ም. ንጉሥ ፋሩቅን ያወረዱት መኮንኖች መጀመሪያ ወንድማማቾቹን አቀፉ። በጥቅምት ወር 1954 ዓ.ም. ጋማል አብደል ናስርን ለመግደል በእስክንድርያ በተሞከረ ጊዜ ግን ስድስት ሰዎቻቸውን ሰቀሉ፤ ሺዎችን አሰሩ። ያመለጡት ሳዑዲ ዓረብያ ገቡ። አባታቸው አብዱል አዚዝ ቅርንጫፍ የከለከሉት ማኅበር ለልጆቻቸው ናስርን የሚወጉበት መሣሪያ ሆነና ስደተኞቹ በትምህርት ቤቶችና በ1962 ዓ.ም. በመካ በተቋቋመው የሙስሊም ዓለም ሊግ ውስጥ ስፍራ አገኙ። የኩዌት ጦርነት በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ይህን ወዳጅነት አሻከረው። በሶርያ መንግሥትና ማኅበሩ ያደረጉት ውጊያ በ1982 ዓ.ም. በሐማ ከተማ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች እልቂት ተፈጸመ። በጋዛ ደግሞ ሐማስ በ1987 ዓ.ም. የተወለደው ከዚሁ ማኅበር ነው። በ2012 ዓ.ም. የማኅበሩ ሰው ሙሐመድ ሙርሲ በግብጽ ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ጦሩ አወረዳቸው። ሳዑዲ ዓረብያና የተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች ላወረዷቸው መኮንኖች ገንዘብ ሲሰጡ፣ ቀጠርና ቱርክ ስደተኞቹን ተቀበሉ። ከሰኔ 2017 እስከ ጥር 2021 ዓ.ም. ድረስ አራት የዓረብ መንግሥታት ቀጠርን በየብስ፣ በባሕርና በአየር የዘጉባት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

በአማን የተመረቀው ቅርንጫፍ ከሁሉ ረጅሙን ዕድሜ በሕግ ኖረ። የዮርዳኖስ ነገሥታት የናስር ወዳጆችንና ግራ ክንፎችን ለመመከት ስለሚጠቅማቸው ሌሎቹን ፓርቲዎች በዘጉባቸው ዓመታት እንኳ አልነኩትም። በመስከረም ወር 2024 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የማኅበሩ ፓርቲ ከ138 የምክር ቤት መቀመጫዎች 31 አገኘ። በሚያዝያ ወር 2025 ዓ.ም. የኤሚር አብደላህ የልጅ ልጅ ልጅ በነገሡበት አገር መንግሥቱ ማኅበሩን አገደ፤ ፖሊሶችም በአማን ያሉትን ቢሮዎች ከፍተው ወረቀቱን ሰብስበው ወሰዱ።